ባሌ ተራሮች በ5 ቀን፦ ዲንሾ እንደር ወይስ ጎባ?

ሰላም ዘሳሪስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከገና ማግስት ጀምረን 5 ቀን፣ ማለትም 4 ሌሊት፣ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለማሳለፍ አስበናል። ሰባት ነን፦ እናቴ (66 ዓመቷ ነው፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች)፣ እኔና ባለቤቴ፣ ከሜሪላንድ የሚመጡት ወንድሜና ሚስቱ፣ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች። ወንድሜ አዲስ አበባ የሚገባው ከጉዞው 3 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሃይሩፍ ከነሹፌሩ ይዘናል።

ግራ የገባኝ ማደሪያው ነው። አንዱ ዲንሾ ፓርኩ ውስጥ እደሩ ይላል፣ ሌላው ጎባ ሆቴል ያዙ ይላል፣ ልጆቹ ደግሞ ድንኳን ካልሆነ ብለዋል። ወንድሜ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ላይ ሳልወጣ አልመለስም ባይ ነው። ሶፍ ዑመር ዋሻስ በዚህ ቀን ውስጥ ይገባል? የምታውቁ ሰዎች ብትመሩን።

---

ጅብራ፦

እንኳን በደህና መጣሽ። ማደሪያ ከመምረጥሽ በፊት ከፍታውን ጻፊ፤ ባሌ ላይ ሰው የሚሳሳተው በአልጋ ጥራት ሳይሆን በዚህ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎባ 2,700 አካባቢ፣ ዲንሾ 3,100 አካባቢ። የሳነቴ ሜዳ 4,000 ሜትርን ይጠጋል፤ በብዙ ቦታም ያልፈዋል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። ሳነቴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለሰውነት ወሳኙ ቀን የደረሳችሁበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት የምትተኙበት ነው። እናንተ አዲስ አበባ ስለምትኖሩ 2,300 ሜትር ለምዳችኋል። የሜሪላንዶቹ ግን የሚኖሩት ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። ሦስቱ የአዲስ አበባ ቀናት ይረዷቸዋል፣ ሆኖም የመጀመሪያውን የባሌ ሌሊት ዲንሾ ማሳደር አልመክርም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት አብረው ከመጡ የዕረፍቱ ግማሽ ሄደ ማለት ነው።

መንገዱን ደግሞ አስተውይ። ከአዲስ አበባ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታገኙት ዲንሾን ነው፤ ሮቤ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ጎባ ደግሞ ከሮቤ ሌላ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው ሁሉ «መንገድ ላይ ስለሆነ» ብሎ መጀመሪያ ዲንሾ ያድራል። ገልብጡት። መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ጎባ እደሩ፣ ዲንሾን ለመጨረሻው ሌሊት አስቀሩት። ስትመለሱም መንገዳችሁ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ሰውነታችሁ ለምዷል፣ የመመለሻው ቀን መንገድም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል።

እንዲህ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ፤ በምሳና በዕረፍት ከ10 ሰዓት በኋላ ጋይሳይ ትደርሳላችሁ። ዲንሾ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ የሚያቋርጠው የሣር ሜዳ ነው። ያ ሰዓት የደጋ አጋዘን ከቁጥቋጦው የሚወጣበት ስለሆነ ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ (ልጆቹ በ10 ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ እርሱ መሆኑን ንገሯቸው)። የፓርኩን መግቢያ እግረ መንገዳችሁን ዲንሾ ዋናው ጽሕፈት ቤት ክፈሉ፤ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ሳነቴ መግቢያው ላይ ይጠየቃል። ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች ዋጋው ስለሚለያይ ወንድምሽ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለው ይያዝ። አስጎብኚም እዚያው ከማኅበሩ ተስማምታችሁ ለማግስቱ ጎባ እንዲጠብቃችሁ አድርጉ። ከዚያ ጎባ ገብቶ ማረፍ ነው።

ሁለተኛው ቀን ሳነቴ ግማሽ ቀን፤ ወጥታችሁ ከሰዓት በፊት ውረዱ። በሦስተኛው ቀን ሳነቴን አቋርጣችሁ ሀረና ጫካ፣ ሪራ መንደር ድረስ። አራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ዲንሾ፣ ፈረስና የእግር ጉዞ፣ አዳር። አምስተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ወደ አዲስ አበባ።

ስለ እናትሽ ሐኪሟን ሳታማክሪ አትውጪ። ከፍታ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መድኃኒቷን በቂ ይዛ፣ የእጅ መለኪያ ካላችሁም ጨምሩ። ዲያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ኪኒን ጓደኛ ስለነገራችሁ ብቻ አትግዙ፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ ሽንት ስለሚያበዛም ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒት ጋር መታየት አለበት። የ6 ዓመቱ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ላይናገር ይችላል። ዝም ካለ፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ወዲያው አውርዱት። መፍትሔው መውረድ ነው፤ ከሳነቴ እስከ ጎባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

---

የዶዶላ መንገድ፦

ጅብራ ባለው ላይ መኪናውን ልጨምር። እስከ ጎባ አስፋልት ነው፣ ሃይሩፍ ችግር የለበትም። በሻሸመኔ፣ ዶዶላና አዳባ በኩል ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአሰላና በቆጂ ወጥቶ ዶዶላ የሚገባው ያጥራል። በየትኛውም ብትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን ስለ መንገዱ ሰላም ሮቤ ወይም ዶዶላ ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ፤ የሹፌሩ «ችግር የለም» ብቻውን አይበቃም። ምሽት ላይ አትንዱ፤ አርሲና ባሌ ላይ ከብትና ፈረስ አስፋልቱን እንደ በረት ነው የሚያዩት።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው የሳነቴ መንገድ ጠጠር ነው። በጥር ደረቅ ስለሚሆን ሃይሩፍ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ ሁለት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ አየሩ ከአዲስ አበባው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳልና ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰባት ሰው፣ ሹፌር፣ አስጎብኚና ዕቃ ጭኖ ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቢያለቅስ አትደንግጡ፤ የሙቀት መለኪያውን ግን ተከታተሉ። ለዚያ ቀን ሻንጣውን ሁሉ ሆቴል አራግፉ። ሁለተኛ፣ ከሳነቴ ወደ ሀረና የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁል ነው። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ከወረደ ይሞቅና መያዝ ያቆማል፤ በወጣበት ማርሽ ይውረድ። ጫካው ውስጥ ጥላ ስለሆነ በበጋም ጭቃ አይጠፋም። ለሦስተኛው ቀን ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ላንድክሩዘር መከራየት ይሻላል። ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ የሚገነጠለው መንገድም ድንጋያማ ነው፤ ሃይሩፉ የካርተር ጎድጓዳውን እዚያ ሊተው ይችላል። ወንድምሽን ላንድክሩዘሩ ባለበት ቀን አውጡት።

ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ፣ «ሮቤ እንቀዳለን» አትበሉ። ስፔር ጎማው አየር እንዳለው አዲስ አበባ ላይ አስለኩ። ሳነቴ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፤ ቀይ ቀበሮ መኪና ገጭቶት የሚሞትበት መንገድ ነው፣ በዓለም ላይ ያለው ደግሞ 500 እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው።

እና በግሌ ዲንሾን እዘለዋለሁ። አራቱንም ሌሊት ጎባ፣ አንድ ጊዜ ሻንጣ ፈትቶ መቀመጥ። ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር በየቀኑ ዕቃ መጠቅለል ጠዋቱን ይበላዋል፤ ዲንሾ ለቀን ጉብኝት ከጎባ 45 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

---

ኮሶ ሥር፦

ከዶዶላ መንገድ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። አጋዘኑን፣ ድኩላውንና ከርከሮውን ዲንሾ ላይ ማየት የሚበጀው ከንጋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል ነው፣ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ። ከጎባ ለዚያ ሰዓት ለመድረስ ልጆችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መቀስቀስ ነው። እዚያው ያደረ ሰው ግን ከበር ወጥቶ ያያል። ለእናትሽም ሜዳማ፣ አጭር፣ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ዙር ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ይገባዋል፤ ከአንድ በላይ ግን አያስፈልግም።

ዲንሾ ያለው ማደሪያ ሆቴል እንዳይመስላችሁ። የቆየ ቤት ነው፤ አልጋ፣ የጋራ መጸዳጃ፣ የእሳት ምድጃ ያለው ሳሎንና ራሳችሁ የምታበስሉበት ኩሽና። ምግብ ይዛችሁ ግቡ። ስትደውሉ የምትጠይቁት፦ ያን ቀን ስንት አልጋ ክፍት አለ፣ ማገዶ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ፣ ውሃ አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ምን አለ። ማገዶን ከፓርኩ ደን አትልቀሙ፣ የሚሸጠውን ግዙ።

አሁን ዋናው። ብርድ ሲጸና ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ክፍል ማስገባት የሚባለውን ከሐሳባችሁ አውጡት። ፍም ሆኖ ጭሱ ካቆመ በኋላም ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ዲንሾም ቢሆን፣ ድንኳንም ቢሆን፣ ሆቴልም ቢሆን። በምትኩ ሙቅ ውሃ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ በካልሲ ጠቅልሉትና እግር ሥር አድርጉት፤ ለሰዓታት ይሞቃል።

ምግብ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ፣ ደረቅ እንጀራ። ጭኮ ከፈለጋችሁ ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ ጠይቁ፤ የአገሩ ምግብ ነው፣ አይበላሽም፣ ለብርድ እርሱን የሚያህል የለም። ውሃ ዲንሾ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና አተር እሳት ላይ ውላችሁ ታድራላችሁ። ከአዲስ አበባ ቀቅላችሁ ያዙ ወይም ፕሬዠር ኩከር ይዛችሁ ሂዱ።

ጎባ ሆቴል ስትይዙም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። ቦይለሩ በየክፍሉ ነው ወይስ የጋራ? ጄኔሬተር ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጣሉ? ቁርስ ከ12 ሰዓት በፊት ያዘጋጃሉ? ካልሆነ ማታውኑ አስቋጥሩ፤ የጠዋት ቁርስ መጠበቅ ነው ሰውን ሳነቴ ላይ በ5 ሰዓት የሚያደርሰው። ሥጋ የሚበላ ካለ የክርስቲያን ነው የሙስሊም ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም አለ፣ ግን ሁሉም ቤት ሁለቱንም አያቀርብም። ረቡዕና ዓርብ ለእናትሽ የጾም ወጥ ቀድሞ ይታዘዝ።

---

ሰላም ዘሳሪስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሦስት ለአንድ ብለን ወስነናል። የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፦ ድንኳኑን ልጆቹ ፊት እንዴት ልሰርዘው? ፈረስ ለ6 ዓመት ልጅ ይሆናል? ስለ ሶፍ ዑመርም ማንም አልመለሰልኝም።

---

ፋና ወጊ፦

ድንኳኑን አትሰርዢው፣ አሳንሺው። ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እዚያ ከሕፃን ጋር ማደር የሚታሰብ አይደለም። ወደ ዌብ ሸለቆ ዘልቀው የሚያድሩባቸው ሶዶታና ኬይሬንሳ የሚባሉት ሰፈሮችም ለእናንተ አይሆኑም፤ ወደ መኪና መመለሻው ሰዓታት ነው። ዲንሾ ማደሪያው አጠገብ ግን የድንኳን ቦታ አለ። አራተኛውን ሌሊት አባትና የ11 ዓመቱ እዚያ ይደሩ፣ ትንሹ እስኪጨልም ድረስ ይጫወትበትና ቤት ይግባ። ከበረደም 50 እርምጃ ተራምዶ ምድጃ አጠገብ መግባት ነው።

በዚያ ሌሊት ሣሩ ላይ በረዶ ይጋገራል። ብርዱ ከላይ የሚመጣ ይመስላል እንጂ ከሥር ነው፦ ከመሬቱ ጋር የሚለያችሁ ወፍራም ማት ከሌለ ሦስት ብርድ ልብስ ብትደርቡም አይሞቃችሁም። አንድ ብርድ ልብስ ከላይ ተዉና ሁለት ከታች አድርጉ። ስሊፒንግ ባጉ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ዲግሪ ሰው በሕይወት የሚቆይበት እንጂ የሚመቸው ላይሆን ይችላል፤ 5 ወይም 10 ዲግሪ ቀንሳችሁ ግዙ። ቀን የለበሱትን ልብስ ለብሰው አይተኙ፤ ላብ ይዟል። ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። የድንኳኑን የላይ ቀዳዳ ደግሞ አትዝጉ፣ ትንፋሹ ውስጡ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ፈረሱን ከዲንሾ ነው የምትይዙት። እያንዳንዱ ፈረስ ከነመሪው ነው፣ ክፍያው በቀን ነው፣ አስጎብኚው ደግሞ ለብቻ። ለግማሽ ቀንም የሙሉ ቀን ሊያስከፍሏችሁ ስለሚችሉ ሰዓቱን፣ የፈረሱን ብዛትና የመሪውን ምሳ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በጥሬ ብር ያዙ። ለ6 ዓመቱ መሪው ልጓሙን ይዞ እንዲሄድ፣ አንድ ሰዓት እንዳያልፍ። ኮርቻው ጠንካራ ስለሆነ ጋቢ አጥፋችሁ ደርቡበት። ብዙ የሚበላሸው እርካቡ ላይ ነው፦ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ የልጅ እግር አይደርስም፣ ወይም ጫማው አልፎ ይገባና ይቀረቀራል። ካልደረሰ ማሰሪያውን አሳጥሩ፤ ካልሆነ እግሩን ከእርካብ ውጭ ያድርግ። ተረከዝ ያለው ጫማ ይልበስ። አናቱ ላይ የብስክሌት ኮፍያ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እዚያ አታገኙም።

ለትልቁ ልጅ ሳነቴ ላይ የሚሻለው መቀመጥ ነው። ቀይ ቀበሮ ለአደን የሚወጣው ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ስትል፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው መሬቱ ሲሞቅ ስለሆነ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጉድጓድ በበዛበት አንድ ቦታ 30 ደቂቃ ብትቆዩ 30 ኪሎ ሜትር ከመዞር ይበልጣል። ባይነኩላር ይኑራችሁ። የአገሩ ሰው ጄዳላ ፋርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፤ የምትወልድ ባዝራ ከኋላ የሚከተል ነው ይባላል። ምግብ አትወርውሩለት፣ ከመኪና ወርዳችሁም አትከተሉት። ውሻ ከቤት ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ እነዚህን ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጃቸው ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

---

ወይብ ማዶ፦

ስለ ሶፍ ዑመር አጭር መልስ፦ በዚህ ጉዞ ተዉት። ከሮቤ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትርን ያልፋል፣ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይበላል። ዋሻው ግሩም ነው፣ የወይብ ወንዝ የፈለፈለው 15 ኪሎ ሜትር ያህል የድንጋይ አዳራሽ ነው፤ ግን ውስጡን ለማቋረጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ይጠይቃል፣ በበጋም ቢሆን ውሃው ለአዋቂ እስከ ወገብ ሊደርስ ይችላል። ለ66 ዓመት ሴትና ለ6 ዓመት ልጅ አይደለም። ቆላ ስለሆነም ከሳነቴ ብርድ በማግስቱ ሙቀት ውስጥ መግባት ነው። የግድ ካላችሁ የሀረናውን ቀን ሰርዛችሁ አዋቂዎቹ ብቻ ይሂዱ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራስ ባትሪና መለዋወጫ፣ የማያንሸራትት የሚረጥብ ጫማ፣ የአካባቢው አስጎብኚ ያስፈልጋል። በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ቦታ ስለሆነ አለባበስ ይጠበቅ።

እኔ ብሆን ሀረናን አልለውጥም። ጅብራ ከሚባለው ተክልና ከአጭር ሣር ተነሥታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስታ፣ ከዚያ ሽበት ያወጣ ዛፍ፣ ከዚያ ቀርከሃ ታያላችሁ፤ ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፣ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ። ሪራ ላይ ማር ግዙ፤ ከሰፈፉ ጋር ከሆነ ድርብ ፌስታል፣ መኪና ውስጥ ይፈሳል። የጫካ ቡናው የሚበቅለው ከሪራ በታች ዝቅ ብሎ ነው፤ ለማየት ብላችሁ አትውረዱ፣ ለመመለሻ ሰዓት አይበቃችሁም። ከሪራ ከ8 ሰዓት በፊት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሳነቴ ላይ ጉም ይወርድና መንገዱ አይታይም።

---

ሰላም ዘሳሪስ፦

ተመዘገበ። የመጨረሻ፦ ለዲንሾ ኩሽና ትንሿን ባለ ጣሳ ጋዝ ምድጃ ልያዝ?

---

ኮሶ ሥር፦

ያዢ፣ ለጠዋት ሻይ ይጠቅማል። ግን ጣሳው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቡቴን ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝ መለወጥ ያቆማል። ጠዋት ጣሳው ሙሉ ሆኖ እሳቱ ሻማ አከለ ብለሽ እንዳትጥዪው። ማታ ጣሳውን ፈትተሽ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሪው፣ እሳት አጠገብ ግን አይሁን፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አቁመሽ ተጠቀሚ። ለሰባት ሰው ሁለት ጣሳ በቂ ነው፤ ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እዚያ የሚጣልበት የለም።